ለጎማ ሻጩ የመለስኩለት ቃል

ባለፈው ሳምንት ወደ ገበያ ስወርድ አንድ አዲስ የተከፈተ የጎማ መደብር በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አዲስ ጎማ የራሱ ሽታ አለው፤ ናፍጣም ያልሆነ፣ ቆዳም ያልሆነ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ነገር። ሌላው ሰው በአጠገቡ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ግን የበሩን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ባለመደብሩ ወንበር አወጣልኝና «እናቴ፣ ትንሽ ይረፉ፣ ፀሐዩ ነው» አለኝ። ፀሐዩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያነሳ ፊቴ ላይ ሲበትነው፣ ለማንም ሙሉውን አውርቼው የማላውቀው ነገር ከነድምፁ መጣብኝ።

ጅግጅጋ የመጣሁት ከሐረር ነው፤ አስተማሪ አግብቼ፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ። ባሌ እዚሁ ሞተ፣ ልጄ ያሬድም እዚሁ አደገ፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት ይኬዳል? ኑሮዬን ያቆመልኝ የሐጂ ኑር መሥሪያ ቤት ነው። ሐጂ የጭነት መኪኖች ባለቤት ነበሩ። አይሱዙዎቻቸው ወደ ደገሀቡር፣ ወደ ሀርሺን፣ ወደ አውበሬ ዱቄትና ስኳር ጭነው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ፍየልና በግ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። የቢሮዬ መስኮት የግቢውን በር ያያል፤ ከበሩ ማዶ ሻይ ቤት ነበረ። ባለሻይ ቤቱ ጠዋት ጠዋት የዑድ ዘፈን ይከፍታል፤ አንድ ወንድ እየለመነ፣ አንዲት ሴት እየመለሰችለት የሚዘፍኑት። ቃሉን በደንብ ሳልረዳው ዜማውን በልቤ ያዝኩት። የግመል ወተት የገባበት ሻይ በብርጭቆ አምስት ብር ነበር፤ ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ታይዋን ገበያ ሦስት ብር። ዛሬ ይህንን ለባጃጅ ነጂ ብነግረው ይስቅብኛል። ያን ሰሞን ሴቱ ሁሉ የሎሚ ቀለም ያለው፣ ድሪያ የሚሉትን ስስ ረጅም ቀሚስ ይለብስ ነበር። እኔም ከደሞዜ ቆጥቤ አንድ አሰፋሁና ለብሼው ቢሮ ገባሁ። መኪኖቹን የሚያሰማራው አብዲ ሲያየኝ «ኤዶ፣ ዛሬስ የኛው ሆነሻል!» ብሎ ሳቀ። ኤዶ በእነሱ አክስት ማለት ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ሆኖ እንኳ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ከሚደውለው ሰው እኩሌታው ሻጭ ነው። የሞተር ዘይት አለኝ የሚል፣ ኢንሹራንስ ግቡ የሚል፣ ካላንደርና አጀንዳ ላሳትምላችሁ የሚል፣ የፕሪንተር ቀለም የሚሸጥ፣ ለሥራ አስኪያጆች ሥልጠና አዘጋጅተናል የሚል። ሐጂ ሻጭ አይወዱም። አንድ ቀን አንደኛው መኪና ሀርሺን መንገድ ላይ ተገልብጦ፣ ሾፌሩ ገና ከሥሩ ሳይወጣ፣ ስልኩን ራሳቸው ተሻምተው አነሱት። ደዋዩ ካላንደር ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ቀፎውን ከግድግዳው ጋር አላተሙት። ከዚያ በኋላ ያ ስልክ ወገቡን በነጭ ፕላስተር ታስሮ ነው የኖረው። ንዴታቸው ሲበርድ መጥተው «ስንዱ» አሉኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ የኔ በር ነሽ። ማንም ሻጭ አልፎሽ እኔ ጋ እንዳይደርስ። ግን ደግሞ በር ሲያንኳኩት አይቆጣም፣ ገባሽ?»

ገባኝ። ጥበቡንም ተማርኩ። «ለሶላት ወጥተዋል» እላለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» እላለሁ። ሰው በዕድሜው አንዴ ከሄደ የሚበቃውን ሐጅ፣ እኔ ሐጂን በዓመት አምስት ጊዜ እልካቸው ነበር። ደብዳቤ ላኩ እላለሁ፤ ደብዳቤው ሲመጣ በጀርባው ላይ ሂሳብ አሰላበታለሁ። ለሥራው ራሴን አመሰግን ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

ኢድሪስ መደወል የጀመረው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። «እንዴት አደርሽ እህቴ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው? ኢድሪስ ነኝ፣ ከአውበሬ። የመኪና ጎማ አለኝ፣ አዲስ ነው።» ሐጂ ጎማ የሚገዙበት የታወቀ ደንበኛ ነበራቸው፤ ስለዚህ «የሉም» እለዋለሁ። «ነገ ልደውል?» «ነገም የሉም።» «እንግዲያስ ከነገ ወዲያ። አላህ ይስጥልኝ እህቴ።» አይቆጣም፣ አይለማመጥም፣ ግን በነጋታው ይደውላል። ሳምንት፣ ወር። አብዲ ቀለደብኝ፤ «ኤዶ፣ ይሄ ሰውዬ ጎማ ሳይሆን አንቺን ነው የሚፈልገው» እያለ። ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ዘበኛችን ፋራህ እንኳ ስልክ ሲጮህ ዘንጉን መሬት ላይ መታ መታ እያደረገ «አውበሬ ነው!» ይል ነበር። ፋራህ የድሮ ወታደር ነው። አማርኛውን ጦር ሜዳ ላይ ነው የተማረው፤ ደህና ዋልክ ሲባል እንኳ በትዕዛዝ ድምፅ ነው የሚመልሰው። እኔ አዴር እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት፤ እሱ ደግሞ ወላል ይለኛል፣ እህቴ እንደማለት።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ማን ጀመረው፣ ለምን ጀመረው የሚለውን ለሚያውቁት ትቻለሁ። እኔ የማውቀው እንደኔ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቤት እየተለየ ሲዘረፍ፣ አንድ ጠዋት ከተማው በጭስ መሸፈኑን ነው። የቤቴን በር በመጥረቢያ ሲሰብሩት ወጥ ጥጄ ነበር። ስምንት ይሆናሉ። አንዱ ትከሻዬን በዱላ አለኝ፤ ወደቅኩ፤ ሌላው በላዬ ተሻግሮ ቴሌቪዥኑን ነቀለ። ሞባይሌን ከእጄ ሲወስዱት ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የፈለቀቋቸው። ስልኩን አጥብቄ የያዝኩት ልጄ ስለሚደውልበት ነበር። ያሬድ ያኔ ደገሀቡር አስተማሪ ነበረ፣ እንደ አባቱ። ሰዎቹ ሲወጡ ጎረቤቴ፣ ሰባት ልጅ ያላት ሶማሌ ሴት፣ በጓሮ ገብታ ጎትታ ወሰደችኝ፤ የራሷን ሻሽ አስራልኝ ከልጆቿ መሀል አስቀመጠችኝ። ሦስት ቀን እዚያ ቆየሁ። በመንገዱ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም። ሽታው ብቻ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክና የተቃጠለ እህል፣ ልብስ ታጥቦ እንኳ አይለቅም ነበር።

ከተማው ሲረጋ ቢሮው ተከፈተ። ደገሀቡር ግን ስልክ አይገባም። ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው፤ አንዱ ሰላም ነው ይላል፣ አንዱ አስተማሪዎቹን ጨረሷቸው ይላል። ያሬድ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የቢሮዬን። ተማሪ ሳለ በየቀኑ ይደውልበት ስለነበር። ስለዚህ ከስልኩ አጠገብ ተነስቼ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድም ነበር።

በዚያ ሰሞን በአንዱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ዘልዬ አነሳሁት። «እንዴት አደርሽ እህቴ፣ ቤተሰብ ሰላም…» ተቋረጠ። እንደገና ጮኸ። «ያሬድ?» አልኩ። «ኢድሪስ ነኝ፣ ከአውበሬ…» ተቋረጠ። መስመሩ ያን ሰሞን እንዲህ ነበር። ሦስተኛ። አራተኛ። በየመሀሉ ልጄ ሊደውል ይችላል፣ መስመሩን ይህ ሰው ይዞብኛል። አምስተኛው ላይ «እባክህ ዛሬ ተወኝ» አልኩት፤ አልሰማኝም መሰል። በስድስተኛው ቀፎውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። በሰባተኛው «እህቴ፣ ስለ ጎማው ነበር» ሲለኝ፣ እነዚያ የቤቴን በር ሰብረው የገቡት ሰዎች ሁሉ፣ ዱላው ሁሉ፣ ጭሱ ሁሉ ከአፌ ወጣ።

«ከነጎማህ ተቃጠል!» አልኩት። «አንተም ዘርህም ከነጎማችሁ ተቃጠሉ!»

ቀፎውን ሰካሁት። ዝም አለ። በመስኮቱ በኩል የፋራህ ቆብ ቀስ ብሎ ወደኔ ሲዞር አየሁ። ስልኩም ያን ቀን አልጮኸም።

በማግስቱ ያሬድ ደወለ። ደህና ነበር። አከራዩ፣ አንዲት ያረጁ ሴት፣ በራቸው ላይ ዘነዘና ይዘው ቆመው «ይህን ልጅ የምትወስዱት እኔን ረግጣችሁ ነው» ብለው መልሰዋቸው ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አብዲም አብሮኝ አለቀሰ። ኢድሪስን ረሳሁት። ቃሌንም ረሳሁት። ደስታ እንዲህ ነው፣ የራሱን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቀትር ላይ ነው፤ ሐጂና አብዲ ለሶላት መስጊድ ሄደዋል። ግቢው በር ላይ ባጃጅ ቆመና ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽርጥ ያደረገ። ሁለተኛው እጅ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት ነበረ። ፋራህ ተነስቶ በሩን በሰውነቱ ዘጋ። ቀጭኑ ሰው ሲናገር ከወንበሬ ተነሳሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ድምፁን ግን ከሺህ ድምፅ መሀል ለይቼ አውቀዋለሁ።

በሶማሊኛ ነው ያወሩት፤ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው የሚሰማውን ያህል እሰማለሁ። «ስልክ የምታነሳዋ ሴት የታለች?» አለ ኢድሪስ።

«የለችም። ቢሮ ዝግ ነው» አለ ፋራህ።

«ወንድሜ ከነመኪናው ነው የተቃጠለው። ከጫነው ጎማ ጋር፣ ከውስጡ ሳይወጣ። ሦስት ወሩ ነው። ይህን ማን ነገራት? እንዴት በዚህ ትስቅብኛለች? ዓይኗን አይቼ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

«የለችም አልኩህ።»

ያኔ መውጣት ነበረብኝ። ወጥቼ፣ አላወቅኩም፣ ስለ ልጄ አብጄ ነበር ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የቢሮዬን በር ቆልፌ ከፋይል ካቢኔቱ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴን አቅፌ። መገፋፋት ሰማሁ። ዘንግ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ብረቱ ራስ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ድምፁ ቅል ሲፈርጥ እንደሚሰማው ነው። አንድ። ሁለት። የኢድሪስ ድምፅ «ዳ! ዳ!» እያለ ይጮሃል፤ ተወው፣ ተወው ማለቱ ነው። ሦስት። «ዳ!» አራት። ከዚያ እግር ሲሮጥ፣ ባጃጁ ሲነሳ።

ስወጣ ፋራህ በሩ ሥር በጎኑ ተኝቷል። አንድ ጆሮው ከሥሩ ተቀድዶ ተንጠልጥሏል፤ ከራሱ የሚወጣው ደም ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኗል። ድሪያዬን ከታች ቀድጄ ጠመጠምኩለት። ወዲያው ራሰ። ከላዩ ሌላ ቀደድኩ። ባለሻይ ቤቱና ደንበኞቹ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

ሐጂ ሲደርሱ ደሙን አዩና ጺማቸውን ጨበጡ። «ምን ፈልገው ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

አንድ ቃል ነው፣ በቀላሉ ወጣ። የቤት በር በመጥረቢያ ሲሰበር ያየች ሴት ሁለተኛ እንዲሰበርባት አትፈልግም። እንዲያ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ፋራህ ለሦስት ቀን ራሱን አላወቀም። በአራተኛው ቀን ኢድሪስ አንድ ሽማግሌ ይዞ፣ ባዶ እጁን፣ ለእርቅ ወደ ጅግጅጋ መጣ። የመታው የአጎቱ ልጅ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ሊናገር ነበር። የፋራህ ወገን ወጣቶች ግን መናኸሪያው ላይ ጠበቁት። ከሚኒባስ ሲወርድ ጩቤ ከግራ ጎኑ ሰኩበት፤ ሊያድነው የገባውን ሽማግሌ ጥርሱን በድንጋይ አረገፉት። ወሬው ቢሮ ሲደርስ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። «ዳ! ዳ!» ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ንጹሕ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

ከዚያ ነገሩ የሰው ነገር መሆኑ ቀረና የወገን ነገር ሆነ። አውበሬ መንገድ ላይ የኢድሪስ ወገኖች የሐጂን መኪና መስታወት በድንጋይ አወረዱት፤ የሾፌሩ አንድ ዓይን ጠፋ። በአጸፋው የፋራህ ወገኖች እዚህ ከተማ ውስጥ የእነሱን ወገን ሱቅ አነደዱ። ሾፌሮቹ አንሄድም አሉ፤ አይሱዙዎቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሄር የሚሉት የአባቶች ሕግ አላቸው፤ ደም በዚያ ነው የሚቆመው። ሕጉ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው የነገሩን ሥር ነው። የኢድሪስ ወገኖች «ከሐጂ ኑር ቢሮ ሙታችንን የሰደበ፣ ዘራችንን ይቃጠል ያለ ቃል ወጣ» አሉ።

ሐጂ አስጠሩኝ። አብዲ በሩ ላይ ቆሟል።

«ስንዱ፣ ስንት ዓመት አብረን ሠራን?»

«አሥራ ሰባት ሐጂ።»

«እንዲህ ያለ ቃል ከአፍሽ ወጥቷል?»

«አልወጣም ሐጂ።»

«ካልሽ በቃ» አሉ። «ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ቁርአን ይዤ እምላለሁ። ከቤቴ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣም ብዬ።»

ከቢሮ ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልወሰደኝም፤ ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ። ፋራህ ነቅቶ ነበር። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ እንደ ቢላዋ ስንጥቅ ሆነዋል። አጠገቡ ስቀመጥ «በዚያኛው በኩል ነይ፣ ይሄ አይሰማም» አለኝ። ዞሬ ተቀመጥኩ።

«አዴር፣ እንዴት ነህ?»

«መስኮቱ ክፍት ነበር» አለኝ። «ሰምቼሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ። «ልጄን እየጠበቅኩ ነበር…»

«አውቃለሁ። ሐጂ ነገ ሊምሉ ነው አሉ። በሐሰት። አንቺ ስላልሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስሚ ወላል። እኔ ከሞትኩ ያንቺ ቃል ዋጋ የለውም። የሞተ ሰው ካለ ማንም ሥር አይፈልግም፣ ሰው ነው የሚፈልገው። በሕይወት እያለሁ ተናገሪ።»

«ይገድሉኛል።»

«ምናልባት» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «እኔ ስመታ አንቺ የት ነበርሽ?»

የአልጋውን አንሶላ አስተካከልኩለትና ወጣሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከከተማው ዳር፣ ትልቅ ግራር ሥር ነበር የተቀመጡት፤ አንዱ ወገን በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ መሀላቸው ባዶ መሬት። ኢድሪስ ጎኑ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሰው ደግፎት ተቀምጧል። ሴት የለም። ሐጂ ቆመው እጃቸውን ወደ መጽሐፉ ሲዘረጉ ደረስኩ። «ሐጂ፣ ይቆዩ!» ብዬ ጮህኩ። የሰው ፊት ሁሉ ዞረ። አብዲ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «ኤዶ፣ አብደሻል? ነይ እንሂድ።» «አስተርጉምልኝ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያልኩት። ከነጎማህ ተቃጠል፣ አንተም ዘርህም ብዬዋለሁ በል።»

አብዲ ክንዴን ለቀቀ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አስተረጎመ፦ ሴትዮዋ ስልክ ላይ ተቆጥታ ነበር፣ ክፉ ተናግራለች፣ ትጸጸታለች አለ። ሊያድነኝ ነው። ቃሉን ዋጠልኝ። ኢድሪስ ዓይኑን ጨፈነ። ውሸት የሰለቸው ሰው እንደዚያ ነው የሚጨፍነው።

ስለዚህ በራሴ ተናገርኩ፣ በዚያ በገበያ ሶማሊኛዬ። «ጉቦ» አልኩ። በእኛ ቋንቋ መማለጃ ነው፤ በእነሱ ‹ተቃጠል› ማለት ነው። «ጉቦ አልኩት። እሱንም፣ ሬሩንም፣ ከነጎማው።» ሬር ማለት ወገን ነው። «ወንድሙን አላውቅም ነበር። ልጄ የሞተ መስሎኝ ነበር። ፋራህ ሲመታ ተደብቄ ሰማሁ። ይህ ሰው አልመታም፤ ተው፣ ተው ይል ነበር። ሐጂንም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሰው ሁሉ ተነሳ። ድንጋይ ቅንድቤ ላይ አረፈ፤ ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሁለተኛው ደረቴን መታኝ። ተንበረከክኩ፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አብዲ በላዬ ወድቆ ሸፈነኝ፤ የመጣው ዱላ የእሱ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ በዘንጋቸው መሬቱን እየደበደቡ ጮኹ፤ ቀስ በቀስ ሰው ተቀመጠ።

ኢድሪስ ተደግፎ ተነሳ። በአማርኛ ነው ያናገረኝ፣ በዚያ ሻካራ ድምፅ።

«ስንት ቀን ደወልኩልሽ?»

«በየቀኑ» አልኩት።

«ሰው በየቀኑ ለምን ይደውላል? አንድ ቀን ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ጎማው የወንድሜ ነው። የቀረው። ልጆቹ አምስት ናቸው» አለና ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ተነጋገሩ። የፋራህ ቁስልና የኢድሪስ ቁስል ተካካሱ፤ የሾፌሩ ዓይንና የተቃጠለው ሱቅም እንዲሁ። ብረት የሰነዘረው የአጎት ልጅና ጩቤ የሰነዘሩት ወጣቶች የየራሳቸውን ካሳ ተሸከሙ። በእኔ ጊዜ ያ ዘንግ የያዙት ሽማግሌ «ቃል ደም አይደለም» አሉ፤ «ግን ደም የሚጠራ ቃል አለ። ይህች ሴት ወገን የላትም። ማን ይቆምላታል?» ሐጂ ተነሱ። «የኔ ቤት ሰው ናት» አሉ፤ የእኔን ካሳ ግመሎች በራሳቸው ላይ ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ ኢድሪስን ይቅር በል አሉት። «ለሽማግሌዎቹ ስል ይቅር ብያለሁ» አለ። ወደኔ አላየም።

በማግስቱ ሐጂ የቢሮውን ቁልፍ እንድመልስ ጠየቁኝ። «በሰው ፊት ቆምኩልሽ፣ ያ ግዴታዬ ነው» አሉኝ። «ግን በአላህ መጽሐፍ ላይ ልታስምዪኝ ነበር።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ትክክል ነበሩ፤ አልተቀየምኳቸውም። ፋራህ ከአምስት ወር በኋላ ወደ በሩ ተመለሰ፣ በአንድ ጆሮ። እስኪሞት ድረስ ዓርብ ዓርብ ምሳ እወስድለት ነበር፤ በሚሰማበት በኩል እየተቀመጥኩ። ያንን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ባይጠይቀኝም ግን ሲያኝክ መንጋጋው እንዴት እንደሚያመው አይ ነበር።

እርቁ ከሆነ አንድ ዓመት ሲሞላ ሚኒባስ ተሳፍሬ አውበሬ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ልበል ብዬ እንደምሄድ እንኳ አላወቅኩም። ስጠይቅ ቤቱን አሳዩኝ፤ በጓሮው አራት ጎማ ተደርድሮ ላያቸው ላይ ልብስ ተሰጥቷል። በሩ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣች። የተቃጠለው ሰው ሚስት ነበረች።

«ምን ልርዳሽ?» አለችኝ በሶማሊኛ።

«ስንዱ እባላለሁ። ከጅግጅጋ» አልኩ።

ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ ብዬ ልዞር ስል ተመልሳ ወጣች፤ በእጇ በጣሳ ውሃ ይዛለች። ዘረጋችልኝ።

«ጠጪ» አለችኝ፤ «ከዚያ ሂጂ። ኢድሪስ ሳይመጣ።»

ውሃው ጨው ጨው ይላል። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ጣሳውን በሁለት እጄ መለስኩላትና ወደ መንገዱ ወጣሁ።